ለጣትና ለጆሮ ያልደረሰ መጽሐፍ

የትነበርሽ ንጉሤ የወሎ ልጅ ናት። አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ስታጣ፣ ለመማር ወሎን ለቅቃ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ሆነባት። ኋላ ሕግ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ዛሬ የመንግሥት የአካቶ ትምህርት ስልት ልጁ በሰፈሩ ከእኩዮቹ ጋር ይማር ይላል። የሀብሩ ልጅ መርሳ፣ የወልድያው ወልድያ ይማራል ማለት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ በልዩ ትምህርት ቤት የነበረው የብሬል መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር ከልጁ እኩል ወደ ሰፈር አለመምጣቱ ነው።

ማየት የተሳነው ተማሪ መጻፊያው እስካሁን ስሌት የተባለ ባለ ቀዳዳ ማቀፊያና ስታይለስ የተባለ መውጊያ ነው። ወፍራም ወረቀት በስሌቱ መሃል ያጣብቅና በስታይለሱ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ለማንበብ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ይዳብሳል። በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ሁለት ቦታ ስለሚይዙ፣ ለዓይናማ አንድ የሆነው መጽሐፍ በብሬል ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ወረቀቱም እንደ ደብተር ከየሱቁ የሚገዛ አይደለም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ስሌቱም አያድንም። የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ ግን ምንም በጀት አይጠይቅም።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ በስልክና በኮምፒውተር ያለው ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን ንባብ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ ጆሮ ግን ይለምደዋል። ታዲያ ምን ያንብብ? ገጹ በስካነር የተነሣ ፎቶ ከሆነ ፕሮግራሙ ዝም ይላል። በቪዥዋል ግእዝና መሰል የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ፣ ለዓይን «ሀገር» የሚመስለው ኮምፒውተሩ ውስጥ የላቲን ምልክቶች ድርድር ስለሆነ ትርጉም የለሽ ድምፅ ያወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለም። «የደራሲ መብት» የሚባለውም አይሠራም፤ ለዐይነ ስውራን ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀትን የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላለች።

ሌሎቹም የአካል ጉዳተኞች መሣሪያዎች የሚወድቁት ከተሰጡ በኋላ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪው በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ተኪ ከሌለ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዊልቸር ጎማው ሲፈነዳ ወይም ሰው ሠራሽ እግር ለልጁ ሲያጥረው፣ የአካል ተሐድሶ ማዕከሉ ያለው ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ርቆ ደሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያገኘው ሰው 3 በመቶ ብቻ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ያለውንም ወሰደ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ የአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ተጎዱ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ከክፍል ራቁ፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። በሜሞሪ ካርድ የተጫነ መጽሐፍ ግን ኔትወርክ አይፈልግም፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እንኳ ልጁ ቤቱ ሆኖ ያዳምጠዋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲደግፍ ያዛል። መጽሐፍን በዩኒኮድ አዘጋጅቶ ፋይሉን መልቀቅ ከማንም አቅም በላይ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴርና የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ከሚቀጥለው የኅትመት ውል ጀምሮ ይህን ግዴታ ያድርጉት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም የኮምፒውተር ተማሪዎቹን አሰማርቶ የቆዩትን መጻሕፍት ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። የየትምህርት ቤቱ ርእሳነ መምህራንም የብሬል ወረቀትና የመስሚያ ባትሪን ከጠመኔ እኩል በዓመታዊ ግዥያቸው ያስገቡ።