ሞተር ብስክሌት ለምትነዳ እኅት

እኅቴ ሆይ! በመሥሪያ ቤትሽ ሞተር ብስክሌት ከአታዬ ወደ ካራቆሬ ስትጓዢ የይፋት ቆላ ሙቀት «ነጠላሽን ጣል አድርገሽ፣ ሰንደል ተጫምተሽ ሂጂ» ይልሻል። አትስሚው። የነጠላ ጫፍ ካቴና ውስጥ ከገባ ነጂዋን ጎትቶ ይጥላል፤ የጋለ ማርሚታም ባት ያቃጥላል።

ከሁሉ በፊት ሄልሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ሞትን በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያስረዳል። ስትገዢ ሹሩባሽን እንደ ዘወትሩ ተሠርተሽ ለኪው፤ ማሰሪያውን አጥብቀሽ ራስሽን ስትነቀንቂ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ልክሽ አይደለም። ከሰልባጅ ተራም አትግዢው፤ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ስለሚጨፈለቅ፣ ውጭው ቢያብረቀርቅም ሁለተኛውን ምት አይችልም።

የወንድምሽን ጃኬት መዋስ አይበጅም። ትከሻው ስለሚሰፋሽ በወደቅሽ ጊዜ የክርኑ መከላከያ ይሸሻል፤ አስፋልቱን የሚያገኘው ያንቺው ክርን ነው። በወገብ የሚጠብቅ፣ እንደ ወንፊት ነፋስ የሚያስገባ፣ በትከሻና በክርኑ መከላከያ ያለው ጃኬት ምረጪ። ጥቁር ፀሐይን ይስባል፤ ቢጫ ግን በምሽት ከሩቅ ያሳይሻል፣ እኔን ከጠየቅሽኝም ለጠይም መልክ እጅግ ያምራል።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ጣትሽን የማያስጨንቅ ጓንት ጨምሪበት፤ ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ መሬት የሚነካው መዳፉ ነውና።