የቀንና የሌሊት ሥራ፣ የሁለት ሰዓት ክፍያ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ የፈረንሳይ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ተራራ ይጓዛሉ። በአገሬው አጠራር ኮሎኒ ደ ቫካንስ የሚባለው የበጋ ካምፕ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ልጆቹን ተቀብለው የሚያጫውቷቸውና የሚጠብቋቸው በአብዛኛው ለጥቂት ሳምንታት የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው። ለዚህ ሥራ ባፋ ለተባለው የምስክር ወረቀት ሥልጠናውን ከ16 ዓመት ጀምሮ መውሰድ ይቻላል።

ሥራው ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ወጣቶቹ ከልጆቹ ቀድመው ይነሣሉ፣ ቁርስ ያበላሉ፣ ዋና ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ፣ የተላጠ ጉልበት ያጥባሉ፣ እናቱ ናፍቃው የሚያለቅሰውን ያባብላሉ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብለው የነገውን ፕሮግራም ያወጣሉ። ሌሊት አንዱን ትኩሳት ቢይዘው የሚቀሰቀሱትም እነሱው ናቸው።

ክፍያቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ለዚህ ሥራ የተለየ ውል አበጀ። በዚህ ውል ደመወዝ የሚታሰበው በሰዓት ሳይሆን በቀን ነው፤ ዝቅተኛው የቀን ክፍያ ደግሞ የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በ2.20 ተባዝቶ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ልጅ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ሕግ የሚያስከብርለት የሁለት ሰዓት ከሩብ ክፍያ እንኳ አይሞላም ነበር ማለት ነው። በ2025 መጀመሪያ የሰዓቱ ወለል 11.88 ዩሮ ስለነበር፣ ቀኑ ወደ 26 ዩሮ ይመጣ ነበር።

ውሉ ሥራውን አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ ከ80 ቀን በላይ አያሠራም። ምግብና መኝታም በአሠሪው ወጪ ነው፣ ከደመወዝ አይቆረጥም። ይህ ተገቢ ነው፤ ግን ሠራተኛው እዚያ የሚያድረው ልጆቹ እዚያ ስለሚያድሩ ነው። መኝታው የሥራው መሣሪያ እንጂ ስጦታ አይደለም።

ለውጡ የመጣው በትግል ነው። አንድ የሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2010 እነዚህ ወጣቶች እንደማንኛውም ሠራተኛ የዕለት ዕረፍት መብት እንዳላቸው ወሰነ። ፈረንሳይ በ2012 ሕጓን አሻሻለች። ገንዘቡ ግን ብዙ ዘገየ፤ ማባዣው ወደ 4.30 ያደገው ከግንቦት 2025 ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ወለል ቀኑ 51 ዩሮ ገደማ ሆነ። እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ያም ሆኖ ከአምስት ሰዓት ክፍያ በታች ነው።

አሜሪካም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠሩ ካምፖች ከፌዴራሉ የዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ግዴታ ነጻ ናቸው። በጄ-1 ቪዛ ከውጭ የሚመጡ ወጣቶች ከአሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የሚመጣጠን ክፍያ እንዲያገኙ ደንቡ ያዛል፤ የአሜሪካዊው ክፍያ ራሱ ዝቅተኛ ሲሆን ግን መመጣጠኑ ብዙም አይረዳም።

የካምፕ አዘጋጆች ደመወዝ ሲጨምር የወላጆች ክፍያ ይንራል ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ብዙዎቹ ትርፍ የሌላቸው ማኅበራት ናቸው። ይሁን እንጂ ጉድለቱን ከኪሱ የሚሞላው የ18 ዓመት ወጣት መሆን የለበትም። የፈረንሳይ መንግሥት በ2024 የ11 ዓመት ልጅ ላላቸው ብዙ ቤተሰቦች ለካምፕ ከ200 እስከ 350 ዩሮ መደጎም ጀምሯል። ልጆች ወደ ካምፕ እንዲሄዱ የሕዝብ ገንዘብ ከተገኘ፣ ልጆቹን ለሚጠብቁትም ሊገኝ ይችላል።