የአገልግሎት እኩልነትና የማምረት አቅም፦ የክልላዊ ልማት ፖሊሲ ሁለት ዓላማዎች

በአንድ አገር ውስጥ በአካባቢዎች መካከል የሚታየው የኑሮ ልዩነት በገበያ ኃይል ብቻ ይጠባል ብለው የሚጠብቁ መንግሥታት ጥቂቶች ናቸው። ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉናር ሚርዳል እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ቀድሞ የበለጸገ አካባቢ ካፒታልንና የሠለጠነ የሰው ኃይልን ከሌሎች አካባቢዎች ይስባል፤ በዚህም የተነሣ ልዩነቱ በራሱ ጉልበት እየሰፋ ይሄዳል። መንግሥታት ጣልቃ የሚገቡት ይህን ሂደት ለመግታት ነው። ይሁን እንጂ ክልላዊ ልማት በሚለው ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ዓላማዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ዜጎች በየትኛውም አካባቢ ቢኖሩ ተመጣጣኝ የመንግሥት አገልግሎት እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የአካባቢውን የማምረት አቅም መለወጥ ነው። ሁለቱ የተለያየ መሣሪያ ይጠይቃሉ፤ የአንዱ መሳካትም ለሌላው መሳካት ዋስትና አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት በጣሊያንና በኢትዮጵያ ተሞክሮ ያስረዳል። «ክልል» የሚለው ቃል እንደ አገባቡ የፌዴሬሽን አባል የሆነውን አስተዳደርም ሆነ መልክዓ ምድራዊ አካባቢን ያመለክታል።

የጣሊያን መንግሥት የደቡቡን የአገሪቱን ክፍል ለማልማት «ካሳ ፔር ኢል ሜዞጆርኖ» የተባለውን ልዩ የደቡብ ልማት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1950 አቋቋመ። ፈንዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኩረቱን ያሳረፈው በመስኖ፣ በመጠጥ ውኃ፣ በመንገድና በእርሻ መሬት ልማት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሕግ ግን የፖሊሲውን አቅጣጫ ወደ ኢንዱስትሪ አዞረው። በሕጉ መሠረት መንግሥት ባለድርሻ የሆነባቸው ድርጅቶች ከአዲስ ኢንቨስትመንታቸው 60 በመቶውን በደቡብ እንዲያውሉ ተደነገገ። የታራንቶ ግዙፍ የብረታ ብረት ፋብሪካ የዚህ ዘመን ውጤት ነው።

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በደቡቡና በሰሜኑ መካከል የነበረው የነፍስ ወከፍ ምርት ልዩነት ጠበበ። ለዚህ ከኢንቨስትመንቱ በተጨማሪ ብዙ ደቡባውያን ወደ ሰሜንና ወደ ውጭ አገር መሰደዳቸውም አስተዋጽኦ ነበረው። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ ግን መቀራረቡ ቆመ። ከውጭ የመጡት ከባድ ፋብሪካዎች ከአካባቢው አነስተኛ አምራቾች ጋር ያላቸው ትስስር ደካማ ስለነበር፣ ተቺዎች «በበረሃ ውስጥ የቆሙ ካቴድራሎች» ብለው ሰየሟቸው። በጆያ ታውሮ የታቀደው የብረት ፋብሪካ ከናካቴው ሳይገነባ ቀረ፤ ለእርሱ የተሠራው ወደብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኮንቴይነር ማስተላለፊያ ዋለ። ፈንዱም እ.ኤ.አ. በ1984 ተዘጋ። ከዚያ በኋላም ቢሆን የደቡቡን ነዋሪ ፍጆታ በጡረታ፣ በመንግሥት ሥራና በሌሎች የበጀት ዝውውሮች መደገፍ ቀጠለ። በመሆኑም የነዋሪው ኑሮ የተሻሻለው የአካባቢው ምርት ካደገበት መጠን በላይ ነበር።

የኢትዮጵያ መነሻ ከዚህ ይለያል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የጋራ ገቢዎችን ክፍፍልና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። የድጎማ ቀመሩ በቀደሙት ዓመታት እንደ ሕዝብ ብዛት፣ የልማት ደረጃና ገቢ የመሰብሰብ ጥረት ያሉ መመዘኛዎችን በየክብደታቸው ደምሮ ይሠራ ነበር። በኋላ ግን የእያንዳንዱን ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም ለክቶ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ወደ ማጥበብ ተሸጋገረ።

የወጪ ፍላጎቱ የሚሰላባቸው ዘርፎች በአመዛኙ አገልግሎቶች ናቸው፦ ትምህርት፣ ጤና፣ የመጠጥ ውኃ፣ የገጠር መንገድ፣ የግብርና ድጋፍና አስተዳደር። ድጎማው ጥቅል በመሆኑ ክልሎች አጠቃቀሙን ራሳቸው ይወስናሉ፤ ወደ ወረዳ ከሚወርደው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ መምህርና ጤና ባለሙያ ያለ ደመወዝ አይሠሩምና። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተበታትኖና ተንቀሳቅሶ ለሚኖር አርብቶ አደር አንድ ትምህርት ቤት ማዳረስ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከደጋው የበለጠ ወጪ ይጠይቃል። ቀመሩ ይህን የዋጋ ልዩነት በትክክል ከለካ ተግባሩን ፈጽሟል ማለት ነው። ዳሩ ግን የከብት ገበያን ከወደብ የሚያገናኝ መንገድ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ማቀነባበሪያ ወይም የብድር አገልግሎት ከዚህ ስሌት በቀጥታ አይወለድም።

የማምረት አቅምን ለመገንባት የታቀደው መሣሪያ የተመራው በሌላ መስፈርት ነው። በፌዴራል መንግሥት ከተገነቡት የመጀመሪያዎቹ የኢንዱስትሪ ፓርኮች መካከል የሐዋሳ፣ የኮምቦልቻ፣ የመቐለና የአዳማ ፓርኮች ይገኛሉ። እነዚህ ከተሞች ቀድሞውንም የሰው ኃይል፣ መንገድና ገበያ የነበራቸው ናቸው። ለውጭ ንግድ የሚያመርት ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቦታ መምረጡ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ሊስተዋል ይገባል፦ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ክልሎች የአገልግሎት ገንዘብ ሲደርሳቸው፣ የምርት ኢንቨስትመንቱ በአመዛኙ የተሻለ መሠረት ወዳላቸው ከተሞች ሄዷል። የሚርዳል ሂደት በድጎማው የሚገታውን ያህል በኢንቨስትመንቱ ሊበረታ ይችላል።

ይህ ልዩነት ለጥናት ዘዴም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የድጎማን ውጤት በክልሉ የነፍስ ወከፍ ምርት የሚለካ ተመራማሪ፣ ድጎማው ያልታቀደበትን ግብ ባለመምታቱ ከሽፏል ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ የትምህርትና የጤና ሽፋን ማደጉን ብቻ አይቶ ልማቱ ተሳክቷል የሚል ተመራማሪ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣውን ወጣት ከስሌቱ ውጭ ያደርጋል። የጣሊያን ታሪክ የሚያሳየው ሁለቱም ስሕተቶች ዋጋ እንደሚያስከፍሉ ነው፦ የበጀት ዝውውር ኑሮን ደግፎ ምርትን ሳይለውጥ ለዓሥርት ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል፤ ከአካባቢው ኢኮኖሚ ጋር ያልተሳሰረ ፋብሪካም በገንዘብ ብዛት ብቻ ሥር አይሰድም።

ስለዚህ ማንኛውም የክልላዊ ልማት ፖሊሲ ግምገማ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባል፦ ገንዘቡ የታቀደው ለየትኛው ዓላማ ነው? ተቀባዩ አካባቢ ገንዘቡን ወደ ምርት የሚያሸጋግሩ ተቋማት አሉት? የፌዴራሉ መንግሥት ሌሎች ኢንቨስትመንቶች ድጎማውን ያግዛሉ ወይስ ይጻረራሉ? ሦስተኛው ጥያቄ በድጎማ ቀመሩ ላይ ብቻ በሚያተኩር ጥናት ሊመለስ አይችልም። የመንገድ፣ የኃይል አቅርቦትና የኢንዱስትሪ ኢንቨስትመንት በየአካባቢው የተሰራጨበትን ካርታ ከድጎማው ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብን ይጠይቃል።