ከሰፈር ወደ ሰፈር፦ መንገደኛው በረመዷን ቤቱ ሲገባ

በዐረብኛ «ሰፈር» ማለት ጉዞ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሰፈር የምንለው የምንኖርበትን፣ ጎረቤት የምንጠይቅበትን፣ የመስጊዳችን አዛን የሚሰማበትን መንደር ነው። የዐረብኛው ቃል ሥር የመግለጥ ትርጉም ስላለው፣ ዑለማኦች ጉዞ «ሰፈር» የተባለው የሰውን ባሕርይ ስለሚገልጥ ነው ይላሉ። እውነትም ውሃ ሲያጥር፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ኬላ ላይ ወረፋው ሲረዝም ማን ታጋሽ፣ ማን ግልፍተኛ እንደሆነ ይታያል። መንገደኛው ከዐረብኛው ሰፈር ወደ አማርኛው ሰፈር ሲሻገር፣ ማለትም ቤቱ ሲገባ፣ የሚገለጠው ባሕርይም ቀላል አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ መመለስ ነው።

እኔ በማሰግድበት አካባቢ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሚወጣው ከጅቡቲ መንገድ ነው። ከወደቡ ጭኖ የተነሳ ሹፌር በጋላፊ ድንበሩን ይሻገራል። ሰርዶን፣ ሰመራንና ሎግያን አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከዚያ ወይ በገዋኔና በአዋሽ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያቀናል፣ ወይ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይወጣል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአፋር ሙቀት፣ የወደቡ ወረፋና ፍተሻው ሲደመሩበት ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀናትና በሌሊቶች ነው። እንዲህ ያለ ሰው ረመዷንን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ማሳለፍ አይችልም። ሁለት ሌሊት ወይም ሦስት ሌሊት ያገኛል፤ ከዚያ እንደገና መሪውን ይጨብጣል። ለዒድ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚገባውም ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዷ መመለስ ትልቅ ዋጋ አላት።

ጾሙና መንገዱ

አሏህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ፣ በአንቀጽ 184 እና 185፣ የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው ቢያፈጥር ያጎደላቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ እንዲጾም ፈቅዷል። ለባሮቹ የሚሻው ገሩን እንጂ አስቸጋሪውን እንዳልሆነም ነግሮናል። ይህ ፈቃድ ሩኽሷ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካን ለመክፈት በረመዷን ሲወጡ መንገዱን በጾም ጀመሩ። በኋላ ጾሙ በሰዎች ላይ እንደከበደ ሲነገራቸው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ውሃ ጠጡ። በሌላ ጉዞ ደግሞ ሰዎች የከበቡትና ጥላ ያደረጉለት አንድ ሰው አዩ። ጾመኛ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ በመንገድ ላይ እንዲህ ሆኖ መጾም ከበጎ ሥራ እንደማይቆጠር አስተማሩ። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ ሶሐቦች ከነቢዩ ጋር ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን አይነቅፍም ነበር።

ሹፌሮች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ሥራዬ መንገድ ላይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ ነኝ። ፈቃዱ እኔንም ይመለከታል ወይ?» ይላሉ። የብዙ ዑለማኦች መልስ «አዎን» የሚል ነው። የሚመለስበት ቤት ያለው ሰው፣ ጉዞው የሸሪዓውን ርቀት እስከሞላ ድረስ፣ ሹፌርነቱ መንገደኛነቱን አያስቀርበትም። ርቀቱ በብዙሃኑ ዘንድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሐነፊ መዝሀብ ከዚህ ይበልጣል። ያፈጠራቸውን ቀናት ግን መቁጠርና መመዝገብ፣ ቤቱ በሚያርፍባቸው ቀናት ወይም ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ቀዷውን መክፈል አለበት። ሚስቱም ቁጥሩን ታውቀው። እዳ በሁለት ሰው ሲታወቅ አይረሳም።

ከቀትር በኋላ ቤቱ የገባና በመንገድ ላይ ያፈጠረ ሰው የቀረውን ቀን ከምግብ ይታቀብ ወይስ አይታቀብ በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ግዴታ ነው ያሉ አሉ፤ አይደለም ያሉም አሉ። በጾመኛ ልጆች ፊት ግን አለመብላቱ ለሁሉም ያምራል። ከተማው ከገባ በኋላ ሶላቱን አያሳጥርም፤ ለማግስቱም እንደ ቤተሰቡ ነይቶ ያድራል።

ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

በረመዷን መንገድ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈራው ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ሹፌሩ ከሱሑር ጀምሮ አልበላም፣ አልጠጣም፤ ዓይኑ ደክሟል። ቤቱ ቀርቧል፤ ሾርባውና ሳምቡሳው ይታየዋል። ስልኩ ይጮሃል፤ «የት ደረስክ? አዛን ሊል ነው» ይባላል። እግሩም ነዳጁ ላይ ይጸናል። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

ፍጡርን ማፋጠን ሱና ነው። ማፋጠን የተባለው ግን ቴምሩን ወደ አፍ ነው፤ መኪናውን ወደ ቤት አይደለም። ፀሐይ የትም ትጥለቅ፣ ጾመኛው ያለበት ቦታ የፍጡሩ ቦታ ነው። ሦስት ፍሬ ቴምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ ከመሪው አጠገብ ይቀመጥ። አዛኑ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ይቁም፤ ያፍጥር፣ ይስገድ፣ ትንሽ ይረፍ፤ ከዚያ ይንዳ። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓው ከመጣባቸው ዋና ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው። ሹፌሩ ደግሞ የሚጠብቀው የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ተሳፋሪ፣ ከፊቱ እግረኛ አለ። እንቅልፍን በጫት አሸንፋለሁ የሚለውም ያስብበት። ጫቱ ድካሙን ይደብቅለታል እንጂ አያጠፋለትም።

እናንት ቤት የምትጠብቁ ሰዎች ሆይ፣ ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት አትደውሉ። እሱ ቆሞ ሲያፈጥር ይደውል። ማዕዱ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

ከተቡክ ሲመለሱ

ሲራ የሚያነብ ሰው ትልቁን የረመዷን መመለስ የሚያገኘው በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረጀብ ወር በከባድ ሙቀትና በእጥረት ጊዜ ወደ ተቡክ ወጡ። ከመዲና ወደ ሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መዲና የተመለሱት በረመዷን ነበር። የዚያን መመለስ ዝርዝር ሶሐቦች አንድ በአንድ ነግረውናል፤ ዛሬም ለቤታችን የሚበቃ ትምህርት አለበት።

መዲና ስትታያቸው ስሟን በፍቅር ጠሩ፤ የኡሑድንም ተራራ የሚወደንና የምንወደው ተራራ ነው አሉ። ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ፣ መዲና ውስጥ በዑዝር ምክንያት የቀሩ ሰዎች እንዳሉ፣ ባለፉበት ሸለቆ ሁሉ በምንዳ አብረዋቸው እንደነበሩ ለባልደረቦቻቸው ነገሩ። ይህን ሐዲስ ሳስተምር ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ የሹፌር ሚስቶች ናቸው። ልጅ ታቅፋ፣ አማቷን እያስታመመች፣ ዕድሩን እየከፈለች፣ ትምህርት ቤት እየተመላለሰች የቀረች ሴት «እሱ ደከመ፣ እኔ ቤት ተቀመጥኩ» ልትል አይገባም። ባልየውም እንዲህ ሊላት አይገባም። መንገዱ የሁለታቸው ነው።

ልጆችም ነበሩ። ሳኢብ ኢብን የዚድ (ረ.ዐ) ነቢዩ ከተቡክ ሲመለሱ ከልጆች ጋር ወጥተው ሰኒየቱል ወዳዕ ላይ መቀበላቸውን ካደጉ በኋላም ያስታውሱት ነበር። ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈርም (ረ.ዐ) ነቢዩ ከጉዞ ሲመለሱ የቤታቸው ልጆች ወጥተው ይቀበሏቸው እንደነበር ተናግረዋል። አንድ ጊዜ እሳቸውን ከፊት፣ ከፋጢማ ልጆች አንዱን ከኋላ አፈናጠው ሦስት ሆነው መዲና ገብተዋል። አስቡት፤ ሰውነታቸው በመንገድ አቧራ የተሸፈነ፣ የኡማው ጉዳይ ሁሉ የሚጠብቃቸው መሪ መጀመሪያ ያቀፉት ልጅ ነው።

ከዚያም ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት መስጊድ ገብተው ሁለት ረከዓ ሰገዱ፤ ሰዎችንም ለመቀበል ተቀመጡ። ከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ ከጉዞ ሲመለሱ ይህ ልማዳቸው ነበር። በእነዚህ ሁለት ረከዓዎች ውስጥ ሰውየው መንገዱን ከትከሻው ያወርዳል። የወደቡን ንትርክ፣ የአለቃውን ቁጣ፣ የዘገየውን አበል እዚያው ለአሏህ ሰጥቶ፣ ቀለል ብሎ ቤቱ ይገባል።

ቴምር የሚያዞረው ልጅ

አንድ ሹፌር ከተራዊሕ በኋላ ጠብቆኝ እንዲህ አለኝ፦

«ሸይኼ፣ ትናንት ከሃያ ቀን በኋላ ቤቴ ገባሁ። አዛን ሲል የዘጠኝ ዓመት ልጄ ተነስቶ የቴምሩን ሰሃን ያዘ። እኔ ስሌለሁ ዱዓ የሚያደርገውም፣ ቴምሩን የሚያዞረውም እሱ ነው አሉኝ። የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ ብዬ ሰሃኑን ከእጁ ተቀበልኩት። ልጁ ምንም አልተናገረም። አንድ ፍሬ እንኳ ሳይቀምስ ጎረቤት ሄዶ አፈጠረ። እናቱም ፊቷን አዞረችብኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው? አባትነቴ አይደለም ወይ?»

ስለ ዐሊይ (ረ.ዐ) ነገርኩት። ነቢዩ ለተቡክ ሲወጡ ቤተሰባቸውን እንዲጠብቁ የተዉት ዐሊይን ነበር። ዐሊይም ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር መቅረታቸው ከብዷቸው ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ፣ ነቢዩ ቦታቸውን ከሙሳ ዘንድ በሐሩን ቦታ መሰሉላቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ነቢይ አለመኖሩን ብቻ ለዩ። ቤት የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለ ክብር አለው።

«ልጅህ ሃያ ቀን ሙሉ ወኪልህ ነበር» አልኩት። «ወኪል ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ይመሰገናል እንጂ ከሥራው አይነቀልም። ነገ ሰሃኑን እሱ ይያዝ። ዱዓውን እሱ ያድርግ፤ አንተ አሚን በል። የመጀመሪያዋን ፍሬ ከእጁ ተቀበል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ።

«አንተማ ነገ ተነገ ወዲያ ትሄዳለህ። ያን ጊዜ ሰሃኑን የሚይዝ እጅ ይኑር።»

ዝም ብሎ ቆየና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ለልጁ ምን እንዳለው አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ግን ለተራዊሕ ሲመጡ መስገጃውን የያዘው ልጁ ነበር።

ይህ ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። አባት ሲርቅ ቤቱ ቆሞ አይጠብቀውም። እናት ውሳኔ ትለምዳለች፤ ልጆች ሥራ ይከፋፈላሉ። የተመለሰው ሰው በሁለት ሌሊት ሁሉንም ወደ ድሮው ልመልስ ሲል፣ የጎደለውን መሙላቱ ይቀርና የሞላውን ያጎድላል። «ይህ ለምን እዚህ ሆነ? ማን ፈቀደ?» የሚሉት ጥያቄዎች ምርመራ ይመስላሉ። «ያለ እኔ እንዴት ሰነበታችሁ? የከበዳችሁ ምንድን ነው?» ሲባል ግን ቤቱ ራሱ አፉን ይከፍታል።

ሲገቡ ምን ይደረግ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረጅም ጊዜ ርቆ የቆየ ሰው በሌሊት በድንገት ቤተሰቡ ላይ እንዳይገባ ከልክለዋል። ሚስት እንድታበጥርና እንድትዘጋጅ ጊዜ ይሰጣታል፤ ጥርጣሬም በር አያገኝም። ዛሬ ስልክ አለ። ሚሌ ወይም ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ቆመህ «እንዲህ ባለ ሰዓት እደርሳለሁ» ማለት ይህን ሱና መጠበቅ ነው።

ሲመለሱ ማብላትም ሱና ነው። ነቢዩ መዲና ሲገቡ ግመል ወይም ላም ማረዳቸውን ጃቢር (ረ.ዐ) ነግረውናል። የእኛ አቅም ግመል ባይደርስም፣ ከጅቡቲ የመጣ አንድ ካርቶን ቴምር ለጎረቤትና ለመስጊድ ሲከፈል ጾመኛ ያስፈጥራል። ሚስት ድግሱ በእሷ ጀርባ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ባልየው ይርዳ። እሷም ለሃያ ቀን ያጠራቀመችውን ችግር ገና ጫማውን ሳያወልቅ አትዘርዝርበት፤ አንድ ሌሊት ይተኛ።

እናትና አባት በሕይወት ካሉ በመጀመሪያው ቀን ይዘየሩ። ለአባወራው የሚከብደው ደግሞ መሰናበቱ ነው። ልጆች ተኝተው ሳለ ሹልክ ብሎ መውጣት ለእሱ ይቀለዋል፤ ለእነሱ ግን አይቀልም። ቀስቅሶ፣ ስሞ፣ ለአሏህ አደራ ብሎ ይውጣ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ በሚያደርጉት ዱዓ ውስጥ ስለ መመለስ፣ ስለ ተውበት፣ ስለ ዒባዳና ጌታን ስለማመስገን አንድ ላይ ይናገሩ ነበር። ወደ ቤት መመለስን ወደ አሏህ ከመመለስ አልለዩትም። ረመዷንም የተውበት ወር ነው። ተውበት አድርጎ ወደ ጌታው የተመለሰ ሰው ለሚስቱና ለልጆቹም ለስላሳ ሆኖ ይመለስ።

አሏህ በመንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ቤታቸው ያግባልን። የሚጠብቋቸውን ሰብር ይስጥልን። በመንገድ የቀሩብንን ይማርልን። ጾማችንንና ቀዷችንን ይቀበለን። አሚን።