ከግራር ቅርፊት እስከ ኖርማንዲ፦ የሙጫ ነጋዴ ቤተሰቦች

በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው የብርቱካን ዘይት ከውሃው ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ የሚይዘው ከግራር ቅርፊት የሚፈስ ሙጫ ነው። ያው ሙጫ በከረሜላ፣ በመድኃኒትና በውሃ ቀለም ውስጥም ይገባል። የዓለምን አቅርቦት አብላጫ የምታወጣው ሱዳን ስትሆን፣ ቻድና ናይጄሪያ ይከተሏታል፤ በእኛም አገር የቦረናና የሶማሌ ክልል ቆላዎች ያፈሩታል። ከገዢዎቹ መካከል በ1884 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው አላን ኤ ሮቤር ዛሬም የቤተሰብ ድርጅት ነው፤ ሙጫውን የሚያዘጋጀው ኖርማንዲ ውስጥ በሴን ወንዝ ዳር ባለችው ፖር-ሞር ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሩዋኑ ኔክሲራም እንዲሁ የቤተሰብ ነው። እነዚህ ቤቶች ሁለት የዓለም ጦርነቶችንና የቅኝ ግዛትን ማክተም አልፈው የዘለቁት ሙጫ ስለሚሸጡ ብቻ አይመስለኝም። ያቆያቸው የሸቀጡን ጠባይ ማወቃቸውና የክፉ ዓመትን መምጣት አስቀድመው ማሰባቸው ነው።

የሙጫን ጠባይ ማወቅ ቀላል አይደለም። ሱዳኖች ሀሻብ የሚሉት ግራር ለምርት የሚደርሰው በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከሳምንታት በኋላ በቁስሉ ላይ የጠጠረው እንባ ይለቀማል፤ ከዚያም በየጊዜው እየተመላለሱ መልቀም ነው። ጠልሃ የሚባለው ሌላው ግራር ሙጫው ይበልጥ ተሰባሪ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ዘይትን ከውሃ ጋር አዋህዶ በመያዝም ሀሻብን አያህልም። ስለዚህ በጆንያ የመጣውን መለየት፣ ቅርፊትና አሸዋውን ማጽዳት፣ በውሃ አሟሙቶ ማጣራትና በሞቃት አየር ውስጥ እየረጩ ዱቄት ማድረግ የሥራው እምብርት ነው። በዚህ ላይ ድርቅ አለ። በ1973 እና 1974 እ.ኤ.አ. ሳህል ሲደርቅ የሙጫ ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ተሻሻለ ስታርች አዞሩ፤ ከነዚህም ከፊሉ ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ እንኳ አልተመለሱም። ከደህና ዓመት የተረፈውን በመጋዘን ይዞ የሚቆይ ነጋዴ ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ ይታሰርበታል፤ ደንበኛውን ግን አያጣም። በየሩብ ዓመቱ ትርፍ ከሚጠይቅ ባለአክሲዮን ይልቅ ድርጅቱን ለልጁ ሊያወርስ የሚያስብ ባለቤት ይህን ይችለዋል።

«ይህ ሁሉ ብልሃት ሳይሆን የቅኝ ገዢ ዕድል ነው» የሚል ይኖራል፤ መነሻውን በተመለከተ እውነቱን ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ነጋዴዎች በሴኔጋል ወንዝ ዳር ሙጫን ከሕንድ በመጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይለውጡ ነበር፤ የአውሮፓ የጨርቅ ማተሚያዎች ይፈልጉት ነበርና። በወንዙ ሰሜን በኩል ለቃሚዎቹ በአብዛኛው ባሮች ነበሩ። ንግዱ የተሠራበት መሠረት ይህ መሆኑ ሊሸፈን አይገባም። ነገር ግን ሸቀጡን በእጅ መያዝ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ሱዳን ገበያውን እንደፈለገች ባዘዘችው ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሙጫ ኩባንያዋ ጥሬ ሙጫን ወደ ውጭ የመላክ ብቸኛ መብት ነበረው፤ መብቱ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ዝቅ ሲል ግን ሙጫው በኮንትሮባንድ ወጣ፤ ግራሩም ለከሰል ተቆረጠ። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል የመጠጥና የምግብ ፋብሪካዎቿ ስለሚፈልጉት ሙጫውን ነፃ አወጣችው፤ ይህን የሚያህል ጉልበት ያለው ሸቀጥ እንኳ ለቃሚውን አላበለጸገም።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ዕውቀቱና ዋጋ የሚጨምረው ሥራ በሴን ዳር ከተከማቸ፣ የነጋዴው ቤት ዕድሜ ለለቃሚው ምን ይፈይድለታል? እስካሁን ብዙም አልፈየደለትም። ቀማሚውና ማጣሪያው ወደ ሱዳኗ ኤል ኦቤይድ፣ ወደ ቻዷ ንጃሜና ወይም ወደ ቦረና ካልቀረበ ልዩነቱ አይጠብም፤ ለዚህም ካፒታልና ላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ነጋዴ ያለው ዓይነት ትዕግሥት ያስፈልጋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ደግሞ ጥያቄውን አክብዶታል፤ ሙጫ የሚበቅልባቸው ኮርዶፋንና ዳርፉር የጦር አውድማ ሆነዋል፤ ከታጣቂ እጅ ያለፈ ጆንያም በጎረቤት አገር ስም ሊወጣ ይችላል። አንድን እንባ አይቶ ሀሻብ ይሁን ጠልሃ የሚለይ ቤት፣ ጆንያው በየትኛው መንገድና በማን እጅ አልፎ እንደመጣም የመጠየቅ ግዴታ አለበት።