የትናንት መለኪያና የነገ ወረርሽኝ፦ የወባ ቅኝት በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች



ዛሬ የምናገረው ጤና ተቋማቶቻችን በየሳምንቱ ስለሚልኩት አንድ ቁጥር ነው፤ ስለ ወባ ሕሙማን ቁጥር። ይህ ቁጥር ወረርሽኝን የሚያመለክተው መቼ እንደሆነ የምንወስንበት መንገድ የአየር ንብረቱ ሲለወጥም ያገለግላል ወይ? የንግግሬ ጥያቄ ይኸው ነው።

የደጋው ሰው ንዳድን ፈርቶ ከቆላ ሲርቅ ኖሯል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በትንኟ አካል ውስጥ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንኟ ቀድማው ትሞታለች። ስለዚህም 2,000 ሜትር የወባ ድንበር ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል።

ድንበሩ ግን የጸና አይደለም። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ዘልቆ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳጠቃና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ጊዜው ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት የታየበት ነበር፤ የደጋው ሕዝብም በሽታውን ስላልለመደ በሰውነቱ ውስጥ የዳበረ የመከላከል አቅም አልነበረውም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን መነሻ፣ በዚያን ጊዜ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ያስቆጠረ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናትም በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ፣ ሞቃታማ በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደምትወጣ አሳይቷል።

አሁን ወደ ቅኝት ሥርዓታችን እንምጣ። ለእያንዳንዱ ሳምንት ያለፉት አምስት ዓመታት ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ከእነርሱም ሁለተኛው ከፍተኛ ቁጥር የማንቂያ ልክ ይሆናል። ዘዴው ቀላል በመሆኑ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ በእጅ ሊሣል ይችላል። ጥንካሬው ይህ ነው፤ ነገር ግን ያለፈው ዘመን ለሚመጣው ምስክር እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምታል።

ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ወረዳ ቁጥሮች 4፣ 6፣ 9፣ 31 እና 38 ናቸው እንበል። ሁለቱ የወረርሽኝ ዓመታት የማንቂያውን ልክ ወደ 31 ያደርሱታል። ዘንድሮ 30 ሕሙማን ቢመዘገቡ ማንቂያው አይደወልም፤ ትናንት ወረርሽኝ የነበረው ዛሬ እንደ መደበኛ ተቆጥሯልና። ተቃራኒውም ይደርሳል። በግጭት ምክንያት ሪፖርት ያልላከ ጤና ጣቢያ ባዶ መዝገቡ እንደ ዜሮ ከተያዘ፣ ልኩ ያለ አግባብ ይወርዳል፤ በየሳምንቱ የሚደወል ማንቂያ ደግሞ ሰሚ ያጣል።

ሦስተኛው ችግር ቁጥሩ የማይነግረን ነገር ነው። ከዳባትና ከደባርቅ በርካታ ወጣቶች ለአጨዳና ለአረም ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። በደጋ የተገኘ ሕመምተኛ ተሕዋሱን ከቆላ ይዞት መጥቶ ነው ወይስ በቀበሌው ተነድፎ? የመጀመሪያው ከሆነ ተጓዡን መንከባከብ ይበቃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሆነ ድንበሩ ተሻግሯል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ድምር ውስጥ ሲቀላቀሉ የአየር ንብረት ለውጥን አሻራ መለየት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የማንቂያ ልክ ሲሰላ የታወቁ የወረርሽኝ ዓመታት ተለይተው ይውጡ፤ ያልደረሰ ሪፖርትም «አልደረሰም» ተብሎ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ዝናብና ሙቀት ከሕሙማኑ ቁጥር በሳምንታት ስለሚቀድሙ ከሪፖርቱ ጋር አብረው ይነበቡ። በአማራ ክልል የተሞከረው ኤፒዴሚያ የተባለ ሥርዓት የሳተላይት መረጃን ከሳምንታዊ ሪፖርት ጋር በማጣመር ይህ እንደሚቻል አሳይቷል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የደጋ ሕመምተኛ «ባለፈው ወር የት አድረሃል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በተከታታይ የሚመዘግበው የዳባት የምርምር ጣቢያችን ይህን ጥያቄ ለመፈተን የተመቸ ቦታ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ከሦስቱ መፍትሔዎች ሁለቱ ከመዝገብ አያያዝና ከአንድ ጥያቄ በላይ ወጪ አይጠይቁም። የሚያስፈልገው፣ በደጋ የሚገኝ አንድ ሕመምተኛ በቆላ ከሚገኙ መቶ ሕሙማን የሚለይ ነገር ሊነግረን እንደሚችል ማመን ነው።