ፓችን ከአንድ የሥሪት ቁጥጥር ሥርዓት ወደ ሌላው ማሻገር፦ የፋይል ስም ለውጥ አያያዝ

መግቢያ

የሶፍትዌር ኮድን ከአንድ የሥሪት ቁጥጥር ሥርዓት ወደ ሌላው ማዛወር የተለመደ ሆኗል። የፓይተን ቋንቋ ዋና ኮድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመርኩሪያል ወደ ጊት ተዛውሯል፤ የኦፕንጄዲኬ ፕሮጀክትም በ2020 ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በሽግግር ወቅት፣ እንዲሁም ሁለት ቡድኖች አንድን ኮድ በተለያዩ ሥርዓቶች ሲይዙ፣ ለውጦች የሚጓዙት ብዙ ጊዜ ፓች በሚባለው የጽሑፍ ሰነድ ነው። ፓች የተጨመሩና የተሰረዙ መስመሮችን ያደርሳል፤ የፋይል ስም ለውጥን ግን ሁልጊዜ አያደርስም። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያት፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና መፍትሔውን ያብራራል።

የልዩነቱ ምንጭ

መርኩሪያል የፋይል ስም በራሱ ትእዛዝ ሲቀየር ድርጊቱን ይመዘግባል፤ አዲሱ ፋይል ከየትኛው እንደመጣ በታሪኩ ውስጥ ይሰፍራል። ሰብቨርዥን ደግሞ መነሻው የታወቀ ቅጂ እንደተፈጠረና የቀድሞው ፋይል እንደተሰረዘ አድርጎ ይይዘዋል። ጊት ግን ስለ ስም ለውጥ ምንም አይመዘግብም። በየኮሚቱ የሚያስቀምጠው የፋይሎቹን ይዘት ነው፤ ልዩነት ሲያሳይ የጠፋውን ፋይል ከተጨመረው ጋር አነጻጽሮ፣ ተመሳሳይነታቸው 50 በመቶ ከደረሰ የስም ለውጥ እንደሆነ ይገምታል።

ለምሳሌ እኩል ርዝመት ያላቸው 200 የተለያዩ መስመሮች የያዘ ፋይል ስሙ ተቀይሮ በዚያው ኮሚት 120 መስመሮቹ እንደ አዲስ ተጻፉ እንበል። ያልተነካው ክፍል 40 በመቶ ብቻ ስለሚሆን፣ ጊት አንድ ፋይል እንደጠፋና ሌላ እንደተፈጠረ ይቆጥራል። መርኩሪያል ግን የሁለቱን ዝምድና አይረሳም።

ፓቹ ምን ይሸከማል?

ነባሩ የዲፍ ቅርጽ የስም ለውጥን የሚገልጽበት መንገድ የለውም፤ የቀድሞውን ፋይል መስመሮች በሙሉ ይሰርዝና በአዲሱ ስም መልሶ ይጽፋቸዋል። ጊት ይህን ጉድለት ለመሙላት፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ስም እንዲሁም የተመሳሳይነቱን መጠን በራስጌው የሚያሰፍር የራሱን ቅርጽ አበጅቷል። መርኩሪያልም ይህን ቅርጽ ማውጣትና መቀበል ይችላል። ግኑ ፓች ግን የሚረዳው ከ2.7ኛው ሥሪት ጀምሮ ነው።

መረጃው ሲጠፋ ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው በታሪክ ላይ ይደርሳል፤ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፈው ሲጠየቅ፣ መልሱ ሁሉ ፋይሉ በአዲስ ስም በገባበት ኮሚት ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ተቀባዩ ቡድን በቀድሞው ፋይል ላይ ላኪው የሌለው የደኅንነት ማስተካከያ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ፓቹ የስም ለውጡን በግልጽ ከያዘ፣ ፋይሉ ማስተካከያውን እንደያዘ ወደ አዲሱ ስም ይዛወራል። ሰርዞ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ግን፣ የሚሰረዘው ይዘት ስለማይገጥም ፓቹ ውድቅ ይሆናል። ግጭቱን በእጁ የሚፈታው ሰው አዲሱን ፋይል እንዳለ ከተቀበለ፣ ማስተካከያው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ጊት ለእንዲህ ያለው ግጭት የሦስትዮሽ ውህደት ቢኖረውም፣ ውህደቱ የሚሠራው ፓቹ የመነሻውን ይዘት መለያ ሲይዝና ያ ይዘት በተቀባዩ ማኅደር ሲገኝ ነው። መርኩሪያል ለጽሑፍ ፋይሎች በተለመደው አሠራሩ ይህን መለያ አይጽፍም።

የሚመከር አሠራር

በመጀመሪያ፣ የስም ለውጡ በአንድ ኮሚት፣ የይዘት ለውጡ በሚቀጥለው ይግባ። ተመሳሳይነቱ 100 በመቶ ሲሆን ጊት ጥንዱን በይዘቱ መለያ ብቻ ይለየዋል። ይሁንና ይህ ዋጋ አለው፤ በጃቫ የይፋዊ ክላስ ስም ከፋይሉ ስም ጋር መግጠም ስላለበት፣ የመካከለኛው ኮሚት ላይጠናቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ የክላሱ ስም አብሮ ይቀየር፤ ሌላው ማሻሻያ ግን ይቆይ።

ቀጥሎም ፓቹ በሁለቱም ወገን በጊት ቅርጽ ይውጣ። በነባሩ ቅርጽ የደረሰ ፓች ወደ መርኩሪያል ሲገባ፣ ዝምድናውን በግምት የሚመልሰውን የተመሳሳይነት አማራጭ መጠቀም ይቻላል።

በመጨረሻም ፓቹ ከገባ በኋላ፣ በላኪው ዘንድ የነበሩት የስም ለውጦች በተቀባዩ ዘንድ መታየታቸው አንድ በአንድ ይመሳከር።

ማጠቃለያ

በአንዱ ሥርዓት የተመዘገበ እውነታ በሌላው ግምት ነው። በመካከላቸው የሚጓዘው ፓች የስም ለውጡን በግልጽ ካልተሸከመ፣ ፓቹ ያለ ስሕተት መግባቱ ብቻ ለውጡ በትክክል መድረሱን አያረጋግጥም።